የሚያስተኛው መርፌ

«ለማኅበሩ አባላት በሙሉ። ጓድ ሊቀመንበር ገደፋው ከዛሬ ጀምሮ ቆሎ አይበሉም።»

ይህን ያነበበው የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ዓለምብርሃን ነው። ኮቱን ቆልፎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ወረቀቱን ከዓይኑ ራቅ አድርጎ፣ የማዳበሪያ ዕዳ በሚያነብበት ድምፅ አነበበው። ክረምት ነበርና ሕዝቡ በቆርቆሮው አዳራሽ ታጭቆ ቤቱ እርጥብ ጋቢ ይሸታል። ማንም ምን ማለት እንዳለበት አላወቀም። ሆኖም በዚያ ዘመን በአዳራሽ ለተነበበ ነገር ሁሉ ማጨብጨብ ደንብ ስለ ነበር ከወደ ኋላ አንዱ ጀመረ፣ ሌላው ተከተለ፣ ገደፋውም ያበጠ ጉንጩን በመዳፉ እንደ ደገፈ ለጥርስ ሕመሙ ተጨበጨበለት።

ማስታወቂያው ያለ ምክንያት አልወጣም። ባለፈው ስብሰባ ቆሎው በሰፌድ ሲዞር ገደፋው ሳይዘግን ስላሳለፈው «ሊቀመንበሩ የጭቁኑን ቆሎ ናቀ» የሚል ወሬ ተነሥቶ ነበር። ዓለምብርሃን ደግሞ ወሬን በወረቀት የሚገድል ሰው ነው።

ገደፋው፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው በዚያ ቀበሌ፣ በፍርሃት የሚታማ ሰው አይደለም። ከሽፍታ ተታኩሶ ታፋው ውስጥ የቀረችውን ጥይት እንደ ዘመድ ይዟት ይኖራል። አፉን ግን ሰው እንዲነካው አይወድም። ልጅ ሳለ እንጥሉን የቆረጡት ሰውዬ ደረቱን በጉልበታቸው ተጭነው፣ ትንባሆ የሚሸት ጣታቸውን እስከ ጉሮሮው ሰድደውበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ቤት ጉርሻ እንኳ ሲሰጡት በእጁ ተቀብሎ ነው የሚጎርስ። ሰው ኩራት ይመስለዋል። ምክንያቱን የምታውቀው ሚስቱ ቻይነሽ ብቻ ናት፤ እሷም ያወቀችው በሠርጋቸው ማግስት ጉርሻዬን ናቅህ ብላ ካኮረፈች በኋላ ነው።

ጥርሱ ግን ኩራት አያውቅም። ነጭ ሽንኩርት ነከሰበት፣ ቅርንፉድ ወተፈበት፣ አረቄ ያዘበት። አረቄውን ጥርሱ ወደደው፤ ሲቀዳለት ዝም ይላል፣ ሲያልቅበት ይጮኻል። ጠበልም ሄደ። መንገድ የተገናኘው ሁሉ ቆሞ መድኃኒት ይነግረዋል፤ የአንዱ መድኃኒት የሌላውን ያረክሳል። ጉንጩ እንደ ሊጥ ኩፍ እያለ መጣ።

«ፍኖተ ሰላም ሂድና አስነቅለው» አለችው ቻይነሽ። «ያመመህ አንተ፣ እንቅልፍ ያጣሁ እኔ።»

በአገሩ ደንብ ሕመምተኛ ብቻውን ሐኪም ቤት አይሄድም። ብቻውን የሄደ ወይ ዘመድ የለውም፣ ወይ የሚደበቅ በሽታ አለበት ይባላል። ስለዚህ የሚሊሻው አዛዥ ቢሆነኝ ጠመንጃውን አንግቶ አስታማሚ ሆነና ሁለቱ ከቡሬ በአውቶብስ ሄዱ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ጥርስ የሚነቅለው ዘሩ የሚባል ጤና ረዳት ነው። ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፤ እሱም መከልከሉ ሰልችቶት ትቶታል። ገደፋው ከአንድ ጣት በላይ አፉን አልከፍት ስላለ ዘሩ በባትሪ በቀዳዳ እንደሚያይ ሰው አጮልቆ አየ።

«ሥሩ ተቆልምሞ አጥንቱን ይዟል» አለ። «ድዱ ተቀድዶ ነው የሚወጣው። እንግዲህ ምርጫው የእርስዎ ነው። አንደኛው፣ ድድዎን ብቻ ወግቼ አደነዝዝና እነቅላለሁ። ነቅተው ነው፤ ሲጎተት ይታወቅዎታል። ሁለተኛው ደግሞ ለሚፈራ ሰው…»

«ማን ፈራ?» አለ ገደፋው።

«ለሚጠነቀቅ ሰው። አስቀድሜ ክንድዎ ላይ የሚያስተኛ መርፌ እሰጥዎታለሁ። ጨርሶ አይወስድዎትም፣ ያሸልብዎታል። አፍ ይክፈቱ ስልዎ ይከፍታሉ፤ ሲነቁ አንዱንም አያስታውሱት። ሦስተኛው፣ ደብረ ማርቆስ ወርደው ሆስፒታል ሙሉ ለሙሉ መተኛት ነው፤ እሱ ተራ መጠበቅ አለው። እኔን ከጠየቁኝ ሁለተኛውን ይያዙ። መግል የቋጠረ ድድ የማደንዘዣውን መርፌ ደህና አድርጎ አይቀበልም።»

ገደፋው ከስንት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ወረደለት። አፉ ውስጥ ጣት ይገባል፣ እሱ ግን አይኖርም። ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የት ይገኛል። «ሁለተኛው» ሊል ከንፈሩን ሲያላቅቅ ቢሆነኝ ከበሩ ተናገረ።

«ዶክተር፣ ለማወቅ ያህል ነው። ሰውዬው ሲያሸልበው ይናገራል?»

«አንዳንዱ ይለፈልፋል» አለ ዘሩ። «ባለፈው አንዲት እናት ከምራታቸው የደበቁትን ቅቤ የት እንዳስቀመጡት ነገሩኝ። ቅሉ ሳይቀር ተነገረኝ።» ሳቀ።

ሌላ የሳቀ የለም።

በዚያ ዓመት ወረዳው ለብሔራዊ ውትድርና ኮታ ቆርጦ ጎረምሳ አምጡ እያለ ቀበሌውን ወጥሮ ይዞ ነበር። መልማይ ኮሚቴው ሊቀመንበሩ ገደፋው፣ ቢሆነኝ፣ ዓለምብርሃንና ከሽማግሌ ወገን አያ ባዬ ናቸው። ቤት ለቤት ዞረዋል። ደጅ ቆመው «ጎረምሳ አለ?» ይላሉ፤ «የለም» ይባላሉ፤ «ካለ ግን» ብለው ያስፈራራሉ፤ ጠላ ጠጥተው ይወጣሉ። ላም ጠባቂ አለ፣ አራሽ አለ፣ አጫጅ አለ፤ ጎረምሳ የለም። ወንዶች ልጆች ከሕፃንነት በቀጥታ ወደ ሽምግልና የሚሻገሩበት ቀበሌ ሆኖ አረፈው።

የገደፋው የበኩር ልጅ የሽዋስ ቆጡ ላይ፣ ከጤፉ ጎታ ኋላ ከተቀመጠ ቆይቷል። ለሰው «ሁመራ ለሥራ ሄዷል» ተብሏል። ይህን ከባልና ሚስቱ በቀር የሚያውቅ የለም ብሎ ገደፋው ያምናል። የሌላውን ግን እሱ ያውቃል። የቢሆነኝ ልጅ ቆብ ደፍቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎጆ የቆሎ ተማሪ ሆኗል፤ ዳዊት ሲያነብ ግን መጽሐፉን ገልብጦ ይይዘዋል። የአያ ባዬ የልጅ ልጅ ከንብ ቀፎዎቹ መካከል ነው የሚያድረው። የዓለምብርሃን ታናሽ ወንድም መተከል ሞተ ተብሎ ተዝካሩ ተበልቷል፤ ገደፋው ራሱ ከበሉት አንዱ ነው፤ ሟቹ ከወጡ የደረሰውን በጓሮ በኩል ሲቀበል አይቶታል። ይህን ሁሉ ማንም አልነገረውም። ሊቀመንበርነት ማለት ያልተነገረውን ማወቅና ያወቁትን አለመናገር ነው፤ ለዚያ ደግሞ ነቅቶ መኖር ያስፈልጋል።

«ዓርብ ይምጡ» አለ ዘሩ፣ ለእብጠቱ ኪኒን እየሰጠ። «እስከዚያ ያስቡበት።»

አውቶብሱ ገና ሳይነቃነቅ ቢሆነኝ ጀመረ።

«የገበዝ ማርያሙን ሰውዬ ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም።»

«ለቡአ ሊቀደድ ሄዶ አስተኙት። ተኝቶ ሳለ ያላስመዘገበውን ጠመንጃ የት እንደ ቀበረው ለሐኪሙ ነገረ። ሲነቃ ቡአው የለም፣ ጠመንጃውም የለም።»

«እኔ የቀበርሁት ጠመንጃ የለኝም።»

«እሱማ የለህም» አለ ቢሆነኝ መስኮቱን እያየ። «እንዲያው ስለ ጤናህ ብዬ ነው።»

ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ቀበሌው ገባ። በማግስቱ አያ ባዬ በምርኩዛቸው መጡ። ተቀምጠው ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ አረሙ አወሩ፣ ስለ ሰናፍጭ ጥቅም አወሩ። ገደፋው ጉንጩን ይዞ ጠበቃቸው።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «እንቅልፍ የሞት ታናሽ ወንድም ነው። ከአፍ ከወጣ ደግሞ አፋፍ ነው።»

«አያ ባዬ፣ እኔ የያዝሁት የጥርስ ነገር ነው።»

«እኔስ ምን አልሁ? የጥርስ ነው እንጂ። ጥርስ የምላስ አጥር ነው። አጥሩ እየተነቀለ ባለቤቱ ይተኛል?»

ዓለምብርሃን የመጣው አመሻሽ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ አሠራር ይዞ ነው የመጣው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎ ራስዎን ሳቱ ማለት ማኅበሩ ራሱን ሳተ ማለት ነው። ለዚያች ሰዓት ተጠባባቂ ሊቀመንበር ያስፈልጋል። ለተጠባባቂው ምርጫ፣ ለምርጫው ጠቅላላ ጉባኤ፣ ለጉባኤው የወረዳ ታዛቢ። ታዛቢው ደግሞ ሲመጣ ስለ ምልመላው መጠየቁ አይቀርም። ነቅተው ቢነቀሉ ግን ምንም ስብሰባ አያስፈልግም።»

«እንደሚያምም ዶክተሩ ነግሮኛል እኮ።»

«ሕመምን በተመለከተ መመሪያ የለንም» አለ ዓለምብርሃን።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሳምንቱ አለቀ። የመጣው ሁሉ ስለ እንቅልፍ መከረው። ጥርስህ እንዴት ዋለ፣ እብጠቱ ጎደለልህ ወይ ያለው አንድም አልተገኘም። ገደፋውን ከሕመሙ ይልቅ ያቃጠለው ይህ ነበር። ሁሉም ፈርቷል፣ ሁሉም የሚፈራው የገደፋውን ምላስ ነው፤ ግን አንድ እንኳ «ምላስህን እፈራለሁ» ብሎ አይወጣለትም። ቢወጣለት «እኔም እፈራዋለሁ» ብሎ ያርፍ ነበር።

ሐሙስ ቀን እሳት ዳር ተቀምጠው ቻይነሽ አጥሚት አቀረበችለት።

«የትኛውን ያዝህ?»

«ምን ልያዝ። ነቅቼ እንዳልል…» ጉንጩን ነካ።

«አውቃለሁ። ተኛ።»

«አንቺ ደግሞ አልገባሽም።»

«ምኑ?»

ገደፋው ዓይኑን ወደ ቆጡ አነሣ። ከላይ የሽዋስ ሲገላበጥ የጤፍ ገለባ ብን ብሎ አጥሚቱ ላይ ወረደ። ቻይነሽ ገለባውን በጣቷ ጠርጋ ጣለችው።

«አንተ ብቻ ተኛ» አለች። «ስለ ሌላው አታስብ።»

«ስለ ሌላው ካላሰብሁ ስለ ማን ላስብ?»

«ስለ ጥርስህ» አለችው። እሱ ግን ሴት ነገር አቅልላ ታያለች ብሎ አጥሚቱን ጠጣ።

ዓርብ ጠዋት ኮሚቴው በሙሉ አስታማሚ ሆኖ ወጣ። አያ ባዬ ሳይቀሩ ምርኩዛቸውን ይዘው ነበር። ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ዘሩ በሩ ላይ እጁን ዘረጋ።

«አስታማሚ ውጭ ይጠብቅ።»

«ዘመድ ነን» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ።

«ክፍሉ አይበቃም። ለእሱም አየር ያስፈልገዋል።»

ውጭ ወጡና መስኮቱን ያዙ። አየር በዚያ በኩል እንዳይገባ ሦስት ፊት ተደርድሮ ዘጋው።

ዘሩ በትሪ ላይ ሁለት መርፌ አስቀምጧል፤ አንዱ ለክንድ፣ አንዱ ለድድ። ከአጠገባቸው ጉጠቱ ተቀቅሎ ይጨሳል። ገደፋው ትሪውን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ እንደገና ትሪውን አየ። የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘ። የክንዱ መርፌ ቀጭን ናት። ውኃ የመሰለ ነገር ይዛለች። ከእሷ ወዲያ ማዶ እንቅልፍ አለ፣ ጣት የሌለበት፣ የሰውዬው ጉልበት የሌለበት አገር። ከዚያ አገር ግን የእሱ አፍ ብቻውን ተመልሶ መጥቶ «የሽዋስ ከጎታው ኋላ ነው» ቢልስ? ስሙን እንኳ ቢጠራው? ሦስቱ ልጃቸውን ደብቀው የእሱን ልጅ ቢሰጡስ? ወረዳውን ለጊዜው ዝም ለማሰኘት አንድ ልጅም ይበቃል።

«የትኛው ይሁን?» አለ ዘሩ።

«የድዱ ብቻ።»

«ያምዎታል ብያለሁ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ነካዎት? ወንበሬን ሊነቅሉት ነው እኮ።»

«የሚደረገውን ማየት እወዳለሁ» አለ ገደፋው፣ ዓይኑን ጭፍን አድርጎ።

ከመስኮቱ ቢሆነኝ ተነፈሰ። አያ ባዬ አማተቡ። ዓለምብርሃን «ትክክለኛ አቋም ነው» ሲል ተሰማ።

መርፌው ድዱን ሲወጋ ዓይኑ ተገለጠ፤ መስኮቱ ላይ የነበሩት ሦስት ፊቶች አንድ ሆኑበት። ዘሩ እንዳለውም ድዱ ማደንዘዣውን ግማሹን ተቀብሎ ግማሹን መለሰው። ጣት ገባ፤ ትንባሆ አይሸትም፣ ሳሙና ይሸታል፤ ያም ሆኖ ጣት ነው። ምላጩ ቀደደ። ጉጠቱ ሲይዝ ጆሮው ውስጥ እንጨት እንደሚሰነጠቅ ያለ ድምፅ ሰማ። ገደፋው አልጮኸም። ከወደ ሆዱ የታረደ በሬ ትንፋሽ የመሰለ ነገር ብቻ ወጣ። በልቡ አንድ ነገር ይዞ ነበር። ቆጡን፣ ጎታውን፣ ከኋላው የተጠቀለለውን ልጅ። ይኸ ሁሉ ለእሱ ነው፣ ዛሬ ማታ እህል ወደ ቆጡ ሲያቀብሉት ልጁ ምን እንደ ተከፈለለት ባያውቅም ግድ የለም ይል ነበር። ጥርሱ ተሰብሮ በሁለት ጊዜ ወጣ።

ዘሩ ጥጥ ወተፈበትና «ይንከሱት» አለ። «እስኪመሽ እንዳይተፉ። እንዳይናገሩም።»

በአውቶብሱ ሦስቱ ምስጋናውን ተሻሙ። «ወንድ ማለት» ይላል አንዱ፤ «ሳይተኛ» ይላል ሌላው፤ «ቃል ሳይወጣው» ይላሉ አያ ባዬ፣ ደጋግመው። እንዲህ ደስ ያለው አስታማሚ ታይቶ አይታወቅም። ገደፋው ጥጡን ነክሶ በመስኮት ያያል። ሊነግራቸው የሚፈልገው ብዙ ነበር። የዳዊቱ መጽሐፍ ተገልብጦ እንደሚያዝ፣ የንብ ቀፎው ማታ ማታ እንደሚያስል፣ ሟች ወጥ እንደሚወድ ሊነግራቸው ፈለገ። ስለ እናንተ ብዬ ነው ሊላቸውም ፈለገ፤ እውነቱ ግን ስለ ልጁ ብቻ ስለ ነበር ያንን ባይል ይሻላል። ንዴቱ ከጥጡ ጋር ደም ደም አለው።

ከቡሬ ወርደው በእግር ጀመሩ። ዝናቡ አባርቷል፤ ወደ ላይ አገር ግን ይጨልማል። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ሞልቷል። ቀይ ጭቃ የለበሰ ውኃ ግንድ እየነዳ ያጓራል። እንዲህ ሲሆን የሚደረገው አንድ ነው፤ ዳር ቆሞ መጠበቅ። ሌላ መሻገሪያ ደግሞ የለም።

በወዲያኛው ማዶም የሚጠብቅ ሰው አለ።

ገደፋው መጀመሪያ ያየው የቻይነሽን ነጠላ ነው። ከአጠገቧ ገሳ ተከናንቦ የቆመ ሰው አለ፤ ከገሳው በታች የሴት ቀሚስ፣ ከቀሚሱ በታች የሽዋስ እግር። ትንሽ ራቅ ብላ የቢሆነኝ ሚስት ካሳነሽ፣ ቆብ ከደፋው ተማሪዋ ጋር። ከእሷ ወዲያ የአያ ባዬ ልጅ አልጣሽ ግማሽ ፊቱ በንብ ካበጠ ልጅ ጋር። ከሁሉም ርቀው፣ ለሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተው፣ የዓለምብርሃን እናት ከሟቹ ጋር።

ነገሩ ግልጽ ነበር። ዛሬ ሊቀመንበሩ ይተኛል ተብሎ ሁሉም ቤት ነቅቶ አድሯል። ሳይለፈልፍ ቀድመን እናውጣ፣ ዛሬ ማታ በቡሬ አልፈን ነገ ወደ ሽንዲ ከሚሄደው የጭነት መኪና ላይ እንጫን ብሎ እያንዳንዱ ቤት ለብቻው፣ በየራሱ አቋራጭ፣ ከሌላው ተደብቆ ወጥቷል። ወንዙ ሞላና ሰበሰባቸው። በዚያ ማዶ ያሉት እርስ በርስ እንዳልተያዩ ሆነው እያንዳንዷ ወደ የራሷ ዛፍ ዞራለች። በዚህ ማዶ ያሉት ደግሞ ውኃውን ያጠናሉ።

በወዲህ ማዶ ኮሚቴው። በወዲያ ማዶ ኮታው።

አያ ባዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንደምን ዋላችሁ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ከማዶ፣ ዘግየት ብለው፣ አንዷ ሌላዋን እየጠበቀች።

ቻይነሽ ወደ ውኃው ጫፍ ቀረበች። እጇን ለአፏ ጋርዳ ተጣራች።

«ወጣልህ?»

ገደፋው ራሱን ነቀነቀ።

«ተኝተህ?»

ወደ ሦስቱ ዞሮ አየ። ከዚያ ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አወዛወዘ።  ያበጠ ፊቱን፣ ደም ያለበትን ጋቢውን፣ ከጎኑ የተደረደሩትን ሦስት ሰዎች አየችና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ ከማዶ አይታወቅም።

ወደ ላይ አገር ነጎደ። ሌላ ውኃ እየመጣ ነው፤ ይህ ከመጣ ዛሬ ማንም አይሻገርም። ዓለምብርሃን ኮቱን ፈታ፣ ቆለፈ፣ እንደገና ፈታ። ቢሆነኝ ማንንም ሳያይ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደና ግራር ላይ ሰቀለው። ጫማውን አወለቀ። ውኃው ውስጥ ገባና እስከ ጭኑ ሲደርስ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። ዓለምብርሃን ያዘው። ገደፋው ሁለቱን አልፎ፣ በሁለቱ ትከሻ እየተደገፈ፣ ወደ ጥልቁ ገባ። አያ ባዬ ምርኩዛቸውን ከዳር ወደ ውኃው ዘርግተው መጨረሻውን ያዙ።

የሽዋስ ገሳውን አውልቆ ለእናቱ ሰጠ። በቀሚሱ እንደ ሆነ ወደ ውኃው ወረደና እጁን ሰጠ። ገደፋው ያዘው። የልጁ እጅ ከቆጥ ጨለማ ወጥቶ ነጥቷል። ሊያናግረው አፉን አንቀሳቀሰ፤ ጥጡ አለ። ለቢሆነኝ አቀበለው። ቢሆነኝ ልጁን በብብቱ ደግፎ ለዓለምብርሃን ሰጠው፤ ዓለምብርሃንም «ቀስ፣ ድንጋዩ ያዳልጣል» እያለ ለአያ ባዬ ምርኩዝ አደረሰው።

ከዚያ ዞር ብሎ ወደ ማዶ ተመለከተ፤ እናቱና የሞተው ወንድሙ ከሁሉም ኋላ ቆመዋል።

«ቀጥሎ» አለ።